እጄን የት ላድርገው?

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፦ ካሜራ ፊት ስለ መቆም። እኔም ለዓመታት ሞዴል ነበርኩ። አሁን ደግሞ ከፎቶ አንሺው ጎን ቆሜ «ትከሻሽን ልቀቂው!» እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ቤታቸው መጥተዋል። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ላኪዎቹ ይቅር በሉኝ።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ እንደምን አሉ? የመጀመሪያ ፎቶ ሹቴ የሚቀጥለው ሳምንት ነው። አንዲት ዲዛይነር አዳዲስ ሥራዎቿን ለብሼ እንድነሳላት ጠይቃኝ ነው። ጓደኞቼ መስታወት ፊት ፖዝ ተለማመጂ ይሉኛል። እኔ መስታወት ፊት ስቆም ሳቄ ይመጣል። በምን ልዘጋጅ? ምንስ ይዤ ልሂድ?» (ሳቂታዋ)

ሳቂታዬ፣ መስታወቱን ተይው። መስታወት ፊት ዓይንሽ ሁልጊዜ ራስሽ ላይ ነው። ይልቅ ስልክሽን ከሦስት ሜትር ያህል ራቅ አድርገሽ አቁሚና ቪዲዮ ክፈቺ። የምትወጂውን ሙዚቃ አድርጊ። ተራመጂ፣ ዙሪ፣ ቁጭ በይ፣ ተነሺ። ከዚያ ድምፁን አጥፊና እያቆምሽ እያቆምሽ እዪው። «ይቺስ ጥሩ ናት» የምትይበት ቦታ ታገኛለሽ። ብዙ ጊዜ ያቺ ቅጽበት የምትገኘው ፖዝ ልሥራ ብለሽ ቀጥ ባልሽበት አይደለም። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሪ መሃል ላይ ነው። ልምምድሽም መሻገሩን ይሁን።

ከዚያ በፊት ግን ደውይና ጠይቂ። ሰዎች ቆዳቸውንና ፀጉራቸውን ያዘጋጁና ሥራው ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይመጣሉ። ፎቶው ለምንድን ነው? ልብሱን ለመሸጥ ከሆነ አንገትጌው፣ ኪሱ፣ ርዝመቱ መታየት አለበት። ክንድሽን ደረትሽ ላይ ካጣጠፍሽ ዲዛይነሯ የደከመችበትን ሸፈንሽባት ማለት ነው። ለመጽሔት ታሪክ ከሆነ ግን ከልብሱ ይልቅ ስሜቱ ይመራል፣ ጀርባሽን ሰጥተሽም ልትነሺ ትችያለሽ። ስቱዲዮ ነው ወይስ ውጭ? ስንት ልብስ ነው? ሜካፕና ፀጉር የሚሠራ ሰው አለ? ጫማ ከማን ነው? እነማን ይኖራሉ? ስንት ሰዓት ያልቃል? ሙድ ቦርድ ካላቸው ይላኩልሽ፤ የሚፈልጉት ብርሃንና አቋም በናሙና ፎቶዎች የተሰበሰበበት ነው። ይህን ሁሉ መጠየቅ ነገረኛ አያሰኝም። ጠይቆ የሚመጣ ሞዴል ሲያጋጥመኝ ቀኑ እንደሚቀለኝ አውቃለሁ።

ስለ ቆዳ ብዙ አልልም። በዚያ ሳምንት አዲስ ክሬም አትሞክሪ። ቅንድብሽን በዕለቱ ጠዋት አታስነቅይ፣ ቆዳው ቀይ ይሆናል። ፀጉርሽን ለመቆረጥ ካሰብሽ ቀድመሽ ለፎቶ አንሺው ንገሪ፤ የመረጡሽ ባዩት ፀጉር ነውና። እንቅልፍ ተኚ። አለቀ።

ልብስሽ ላይ ግን እንቆይ፣ እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚረሳው። ወደ ስቱዲዮው ስትሄጂ ሰፊና ልቅ ነገር ልበሺ። ጠበቅ ያለ ካልሲ፣ ጡት መያዣ ወይም የሱሪ ላስቲክ ቆዳሽ ላይ መስመር ይተዋል፤ መስመሩም ቶሎ አይጠፋም። ከላይ በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሜካፕ ከተሠራሽ በኋላ በራስሽ በኩል ማውለቅ የለብሽማ። የቆዳሽን ቀለም የመሰለ፣ ስፌቱ የማይታይ የውስጥ ልብስ ያዢ። ነጭ ልብስ ስር ነጭ የውስጥ ልብስ ጎልቶ እንደሚታይ ብዙ ሴት የምታውቀው ፎቶው ላይ ካየችው በኋላ ነው። ቦርሳሽ ውስጥ ማበጠሪያ፣ የከንፈር ቅባት፣ መሃረብ፣ ውኃና የሚቀመስ ነገር ይኑር። ቀጫጭን ጭረት ያለው ልብስ ከራስሽ ከወሰድሽ አማራጭ ጨምሪ፤ ዲጂታል ካሜራ ላይ ጭረቱ ሌላ የሚሞገድ መስመር ሊፈጥር ይችላል።

አንድ ወጥመድ አለ። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ መከላከያ ክሬም የፍላሽ ብርሃን ይመልሳል። ሲሊካ የተባለው ማዕድን የበዛበት የፊት ፓውደርም እንዲሁ። በተለይ ፍላሹ ካሜራው ራሱ ላይ ከሆነ ፊትሽ ከአንገትሽ ነጥቶ ይወጣል። በዓይን አይታይም። ሜካፑ እንዳለቀ በስልክ ፍላሽ አንድ ፎቶ ተነሺና አረጋግጪ። ውጭ በፀሐይ የምትነሺ ከሆነ ግን መከላከያውን እንዳትተዪ።

ስቱዲዮው ውስጥ ከግድግዳው ወርዶ ወለሉ ላይ የተነጠፈ ወረቀት ታገኛለሽ። የተለመደው ወርድ 2.72 ሜትር ነው፣ ከምታስቢው ይጠባል። ከመሃል አንድ እርምጃ ወደ ጎን ወጥተሽ ክንድሽን ብትዘረጊ ጣቶችሽ ከወረቀቱ አልፈዋል። እስኪነግሩሽ ድረስ በጫማ አትርገጪው። ልብሱ ከሰፋሽ ከጀርባሽ በመቆንጠጫ ሰብስበው ይይዙታል። ከፊት ልክ የተሰፋልሽ ይመስላል፣ ከኋላ ጉድ ነው። ስለዚህ ሳትጠይቂ አትዙሪ። በራስ በኩል የሚጠለቅ ልብስ ከሆነ መጀመሪያ ስስ ሻርፕ ፊትሽ ላይ ጣል አድርጊ፤ ፊትሽ ላይ የተቀባው ፋውንዴሽን አንገትጌው ላይ እንዳይቀር።

ፍላሹ ብልጭ ካለ በኋላ መልሶ እስኪሞላ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያች ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። አገጭ። ቀጥሎ ዓይን። ቀጥሎ እጅ። ብልጭ ባለ ቁጥር ሁሉንም ከለዋወጥሽው ፎቶ አንሺው የወደዳትን መልሶ አያገኛትም። ሳቅሽ ከመጣም ሳቂው፣ እሱንም ያነሱታል።

ጥያቄ፦ «ሰላም ላንቺ ይሁን። ፎቶዎቼ ላይ ፊቴ ደህና ነው። እጆቼ ግን የሌላ ሰው ናቸው። ኪስ ስከታቸው ፎቶ አንሺው አውጫቸው ይለኛል። ሳወጣቸው የማደርግበት ይጠፋኛል። ከዚያ እንደ እንጨት ደርቄ እቀራለሁ። መላ በይኝ።» (እጅ የበዛባት)

እህቴ፣ እጅሽ ምንም አልበደለም። ጥፋቱ ከእግርሽ ነው።

አሁን ይህን እያነበብሽ ተነሺና ቁሚ። ክብደትሽን ሁለቱም እግር ላይ እኩል ጣይው። ዳሌሽ እኩል ነው፣ ትከሻሽ እኩል ነው፣ ክንዶችሽ ወደ ታች ወርደዋል። እንዲህ ቆሞ እጁ የማይጠፋበት ሰው የለም። አሁን ክብደትሽን በሙሉ ወደ ቀኝ እግርሽ አዙሪው፣ የግራ ጉልበትሽን ልቀቂው። የቀኝ ዳሌሽ ከፍ አለ። የቀኝ ትከሻሽን ትንሽ ዝቅ አድርጊ። ሰውነትሽ የኤስ ፊደል ዓይነት መስመር ያዘ። እጆችሽም ለየብቻ ቦታ አገኙ፤ አንዱ ከፍ ያለው ዳሌ ላይ ማረፍ ይፈልጋል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይወርዳል። ይህ የፋሽን ሰዎች ፈጠራ እንዳይመስልሽ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የግሪክ ቀራፂ ፖሊክሌይቶስ «ጦር ተሸካሚ» የተባለውን የወጣት ሐውልት ያቆመው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ እግር ይሸከማል፣ ሌላው ያርፋል። ድንጋይና ነሐስ እንኳ በዚህ ሕይወት ያለው ይመስላል።

እግርሽ ከተስተካከለ በኋላ ክርንሽን እዪ። ክንድሽ ከጎንሽ ጋር ከተጣበቀ ይጨፈለቅና ሰፍቶ ይታያል። በክንድሽና በወገብሽ መካከል ትንሽ ብርሃን ይለፍ። ወገብሽ ያን ጊዜ ይወጣል።

አሁን ጣት። የእጅሽን ጀርባ ሙሉ በሙሉ ወደ ሌንሱ አታዙሪው፣ ከፊትሽ እኩል ትልቅ ሆኖ ይወጣል። በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ጎኑን አሳዪ። የእጅሽን አንጓ በትንሹ እጠፊው። ጣቶችሽ አንድ ላይ አይጣበቁ፣ እንደ ማበጠሪያም አይበተኑ። ፊትሽን የምትነኪ ከሆነ ንኪው እንጂ አትደገፊው፤ ጉንጭ ሲጫኑት ያብጣል። ጣትሽንም ሆነ ክርንሽን ቀጥ አድርገሽ ወደ ሌንሱ አትጠቁሚ። ወደ ካሜራ የመጣ ነገር አጥሮና ወፍሮ ነው የሚታየው፣ ክንድሽ የተቆረጠ ይመስላል።

ኪስ አልተከለከለም። ሙሉ እጅሽን ስትቀብሪው ነው ችግሩ። አውራ ጣትሽን ውጭ ተዪ፣ ወይም አውራ ጣትሽን ብቻ አስገቢ። ሁለቱንም እጅ ከጀርባ መደበቅ ግን ይቅርብሽ።

ከሁሉ የሚሻለው ለእጅሽ ሥራ መስጠት ነው። እጅጌሽን ሰብስቢ። አንገትጌሽን አስተካክዪ። የቦርሳሽን ማንጠልጠያ ያዢ። ግን በዝግታ፤ ከወትሮው በጣም ቀስ ብለሽ። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኧርቪንግ ፔን በ1948 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ግድግዳ አገጣጥሞ ጠባብ ማዕዘን ሠራና ታዋቂ ሰዎችን እዚያ ውስጥ እያቆመ አነሳቸው። አንዱ ተደገፈ፣ አንዱ ገፋ፣ አንዱ ተሸጎጠ። ማዕዘኑ ለሰውነታቸው የሚያደርገውን ሰጠው። አንቺም ግድግዳ፣ ወንበር፣ የበር መቃን ካገኘሽ ተጠቀሚበት። ፔን ብዙ ያነሳት ባለቤቱ ሊዛ ፎንሳግሪቭስ ሞዴል ከመሆኗ በፊት ዳንሰኛ ነበረች፣ ፎቶዎቿ ላይም ያስታውቃል። እጇ ለብቻው የተቀመጠ ነገር አይመስልም፤ ከጀርባዋ የጀመረ እንቅስቃሴ ጫፍ ነው። ጊዜ ካለሽ ፖዝ ከመሸምደድ ይልቅ ዳንስ ተማሪ ብዬ የምመክረው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ «ስልኬ ላይ አፍንጫዬ ትልቅ ነው። በዚህ አፍንጫ ሞዴል መሆን ይቻላል? እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም።» (አፍንጮ)

አፍንጮ፣ ስልክሽን ከፊትሽ ስንት ሴንቲሜትር አርቀሽ ነው የያዝሽው? 30 ገደማ ከሆነ ያየሽው አፍንጫሽን ሳይሆን ርቀቱን ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የታተመ የሐኪሞች ስሌት አለ። በ30 ሴንቲሜትር ርቀት የተነሳ ፊት ላይ አፍንጫ 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይታያል። አንድ ሜትር ተኩል ሲርቅ ልዩነቱ ይጠፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከቅርብ ስትነሺ አፍንጫሽ ከጆሮሽ ይልቅ ለሌንሱ በጣም ቅርብ ነው፤ ቅርብ ያለ ነገር ይገዝፋል።

ፎቶ አንሺዎች ለፊት ፎቶ 85 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከሩቅ አቅርቦ የሚያነሳ ሌንስ የሚወዱት ለዚሁ ነው፤ ራቅ ብለው እንዲቆሙ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ሹት ላይ ፎቶ አንሺው ርቆ ቢሄድ እንዳይከፋሽ። በተቃራኒው ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ሌንስ ይዞ ከተጠጋ ተጠንቀቂ። ወደ እሱ ያጋደለው ነገር ሁሉ ይተልቃል፤ ግንባር ከሆነ ግንባር፣ እግር ከሆነ እግር። አንዳንዴ ይህን ሆን ብለው ይጠቀሙበታል፤ እግርሽን ወደ ሌንሱ ወርወር አድርገሽ ከዝቅታ ከተነሳሽ እግርሽ ማለቂያ የለውም።

ሞዴል መሆን ይቻላል ወይ ላልሽው፦ በአፍንጫ የተመለሰ ሰው አላየሁም። አፍንጫውን ሊደብቅ ብሎ አገጩን ወደ ላይ ሰቅሎ አፍንጫው ውስጥ ያሳየን ግን ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ «ወንድ ነኝ። ዳሌ ምናምን ስትሉ የሴት ነገር ይመስለኛል። ለእኛስ ምን አለ?» (ፈርጠም)

ፈርጠም፣ ያ ከላይ ያነሳሁት ጦር ተሸካሚ ወንድ ነው። ደግሞም ጡንቸኛ ነው። ክብደትህን አንድ እግር ላይ ጣልና እግሮችህን ትንሽ አራርቅ፣ ሌላው ራሱ ይመጣል። ስትቀመጥ ወንበሩ ጫፍ ላይ ሁን፣ ክርኖችህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ወደፊት አዘንብል፤ ወደ ኋላ የተለጠጠ ሰው ሆዱ ይቀድማል። ኮት ቆመህ ቆልፈው፣ ቁጭ ስትል ፍታው። ጡጫህን አትጨብጥ፣ ቁጡ አያስመስልህም፣ የፈራ ነው የሚያስመስልህ። ፂምህን የምትላጭ ከሆነና ቆዳህ ሽፍ የሚል ከሆነ ከዋዜማው ጨርሰው።

ጥያቄ፦ «ፈገግ በይ ሲሉኝ ፈገግ እላለሁ። ፎቶው ላይ ግን ውሸት ያስታውቅብኛል። ዓይኔ ባዶ ነው። ካሜራ ፊት እንዴት እውነተኛ ልሁን?» (የፕላስቲክ ፈገግታ)

ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 (እ.ኤ.አ.) ይህን ነገር ጽፎታል። ፊት ላይ ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እየነካካ ነበር የሚያጠናው። ከንፈርን ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ ሲታዘዝ ይታዘዛል፤ ዓይን ዙሪያ ያለውና ከጉንጭ በላይ የሚጨማደደው ግን በልብ ደስታ ነው የሚነሳው አለ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ሰው እሱንም በፈቃዱ ማዘዝ እንደሚችል ታውቋል። ብዙዎቻችን ግን አንችልም። ስለዚህ «ፈገግ በይ» የሚል ትእዛዝ አፍሽን ብቻ ነው የሚያገኘው።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ዓይንሽን ጨፍኚ፤ አየር በአፍንጫሽ ሳቢ፤ በአፍሽ ቀስ አድርገሽ አውጪ፤ መንጋጋሽ ይላላ። አሁን አንድ የምታውቂውን ሰው ሌንሱ ውስጥ አስቀምጪ። የምትወጂውን ይሁን የምትናደጂበትን፣ ግድ የለኝም፤ ባዶ መስታወት እንዳታዪ ብቻ። ፎቶ አንሺው «ሦስት» ሲል ዓይንሽን ግለጪ። የመጀመሪያዋ ቅጽበት ብዙ ጊዜ ጥሩ ናት። ሌላው ነገር አገጭ ነው። ሰው ሲጨነቅ አንገቱን ወደ ኋላ ይሰበስባል፣ አገጩ ይደረባል። ፊትሽን ወደፊት ትንሽ ግፊው፣ ከዚያ ዝቅ። ከጎን ሲያዩሽ ያስቃል፣ ከፊት ግን መንጋጋሽን አጥርቶ ያወጣዋል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ዝለዪ። የምሬን ነው። ፊሊፕ ሃልስማን የተባለው ፎቶ አንሺ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተዋናይቷን ማሪሊን ሞንሮን፣ የቀድሞውን የእንግሊዝ ንጉሥ የዊንድዘሩን መስፍንና ባለቤቱን፣ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነውን ሪቻርድ ኒክሰንን ሳይቀር አዘልሏቸዋል። የሚዘል ሰው ሐሳቡ መዝለሉ ላይ ነው፣ ፊቱን መጠበቅ ይረሳል ብሎ ያምን ነበር። በተለይ ካረፍሽ በኋላ ያለችውን ሰከንድ ፎቶ አንሺው እንዳያሳልፋት ንገሪው።

ጥያቄ፦ «17 ዓመቴ ነው። አንድ ፎቶ አንሺ በነፃ ላንሳሽ፣ ግን ብቻሽን ነይ አለኝ። የምትለብሺውን እዛ ነው የምትወስኚው አለኝ። እናቴ እንቢ እንዳትለኝ ፈርቼ አልነገርኳትም። ምን ይመስልሻል?» (ስሜ ይቅር)

የኔ ልጅ፣ ብቻሽን አትሄጂም። ለእናትሽ ዛሬ ንገሪያት።

በነፃ መነሳት ያለ ነገር ነው። ጀማሪ ሞዴልና ጀማሪ ፎቶ አንሺ ሥራ ለመሰብሰብ ይረዳዳሉ። ሰው ይዘሽ እንዳትመጪ መከልከል ግን ሌላ ነገር ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ የሚያነሳ ቁም ነገረኛ ሰው ወላጅ እንዲመጣ ራሱ ይጠይቃል፣ ወረቀቱንም ወላጅ ነው የሚፈርመው። ምን እንደምትለብሺም ከቀኑ በፊት በጽሑፍ ይታወቃል። ከስምምነቱ ውጭ የሆነ ልብስ ቢሰጥሽ «አልለብስም» ማለት ትችያለሽ፣ ምክንያት አትሰጪም። የምትቀይሪበት የሚዘጋ ክፍል ይኑር። ፎቶው የት እንደሚወጣ፣ ለማስታወቂያ ይሸጥ እንደሆነ፣ አንቺስ ስንቱን እንደምታገኚ ሳይጻፍ ማንም ምንም አይፈርም። ይህን ብለሽው ቢቀየም፣ ይቀየም። ሌላ ፎቶ አንሺ አለ።

ይህን ለሚያነቡ ለሌሎችም፦ «መጀመሪያ ክፈዪና ሞዴል እናደርግሻለን» የሚል ኤጀንሲም (ለሞዴሎች ሥራ የሚያገኝ ድርጅት) ካጋጠማችሁ ወደ ኋላ በሉ። ደህና ኤጀንሲ የሚያገኘው እናንተ ስትሠሩ ከምትከፈሉት ላይ ቆርጦ ነው።

ጥያቄ፦ «ኤጀንሲ ፎቶ ላኪ አለኝ። ባለፈው ዓመት በባለሙያ የተነሳሁት አሪፍ ፎቶ አለ፣ ሜካፑም ቆንጆ ነው። እሱን ልላክ?» (ረጅሟ)

እሱን ለኋላ አቆዪው። ኤጀንሲ መጀመሪያ ማየት የሚፈልገው ያለ ምንም ሥራ አንቺን ነው። ሜካፕ የለም። ፀጉርሽን አንዴ ልቀቂው፣ አንዴ ወደ ኋላ እሰሪው። ልክሽ የሆነ ጥቁር ካናቴራና ጥቁር ሱሪ በቂ ነው። ባዶ ግድግዳ ፊት፣ መስኮቱ ከፊትሽ ሆኖ፣ አምፖሉ ጠፍቶ። ጓደኛሽ ራቅ ብላ ስልኩን በደረትሽ ቁመት ትያዘው፤ ከላይ ወደ ታች ከተነሳ እግርሽ ያጥራል። ፊት ለፊት፣ ሁለቱም ጎን፣ ከጀርባ፣ ሙሉ ቁመት፣ ከዚያ ፊት ብቻ፤ አንዱ ከፈገግታ ጋር፣ አንዱ ያለ ፈገግታ። እዚህ ላይ ያ ሁሉ ያወራሁት ፖዝ አያስፈልግም፣ ዝም ብለሽ ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ፊልተር እንዳትነኪ። ቁመትሽን በባዶ እግርሽ ተለኪና በሴንቲሜትር ጻፊው። ሁለት ሴንቲሜትር እንዳትጨምሪ፤ ሲጠሩሽ እንደገና ይለኩሻል።